ጥቁር አሽ ወይስ ሌላ? ውሃ ለሚተኛበት መሬት ዛፍ አመራረጥ

በአሜሪካ ከሚኒሶታ እስከ ሜይን፣ በካናዳ ከኦንታሪዮ እስከ ኖቫ ስኮሺያ ረግረጋማ ደን ያላቸው ሰዎች አንድ ጥያቄ ይዘዋል። ጥቁር አሽ የተባለው የረግረግ ዛፍ እየሞተ ነው፤ ታዲያ በቦታው ምን እንትከል? ብዙዎች የሚፈልጉት የአንድ ዛፍ ስም ነው። እንደዚያ ዓይነት መልስ የለም። የሚሻለው ከውሃው ጠባይ መጀመር ነው። ውሃው መቼ ይመጣል? ስንት ሳምንት ይቆያል? ቀስ እያለ ይፈሳል ወይስ ቆሞ ይቀራል? በጋው ሲያልቅ መሬቱ ይጠነፍፋል ወይ? እነዚህን የመለሰ ሰው ግማሹን ምርጫ ጨርሷል።

ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ወቅቶቹም የዚያ አገር ናቸው፤ በጋ የምለው ሞቃቱን፣ ክረምት የምለው በረዶ የሚጥልበትን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ጥቁር አሽን እንወቀው

የሳይንስ ስሙ ፍራክሲነስ ናይግራ ነው። በ1785 ይህን ስም ያወጣለት ሃምፍሪ ማርሻል የተባለ አሜሪካዊ የዕፅዋት አጥኚ ነው። በምሥራቅ ከኒውፋውንድላንድ ተነስቶ በምዕራብ እስከ ማኒቶባ ደቡብ ምሥራቅ ይዘልቃል። ወደ ደቡብ እስከ አይዋ፣ ኢሊኖይና ዌስት ቨርጂኒያ ይወርዳል። በብዛት የሚገኘው ግን በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ ነው። ሚኒሶታ ብቻዋን አንድ ቢሊዮን ገደማ የአሽ ዛፎች እንዳሏት ይገመታል፤ አብዛኞቹም ጥቁር አሽ ናቸው። እዚያ ጥቁር አሽ የበዛበት ደን አንድ ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም 400 ሺህ ሄክታር ያህል ይሸፍናል።

ዛፉ ግዙፍ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቁመቱ ከ12 እስከ 20 ሜትር ነው። ግንዱ ቀጭን ነው፣ ዕድገቱም አዝጋሚ። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ኃይለኛ ነፋስ ሊነቅለው ይችላል። በፀደይ ቅጠል የሚያወጣው ሌሎቹ ዛፎች ለምልመው ካበቁ በኋላ ነው፤ በመከርም ቀድሞ ያራግፋል። ስለዚህ ከሥሩ ብዙ ብርሃን ይገባል። ቄጠማው፣ ፈርኑና ሌላው የረግረግ ተክል ከታች የሚደላው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ውሃው። በረዶ ሲቀልጥ ጥቁር አሽ ለሳምንታት ሥሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይቆማል፤ አይጎዳም። የሚወደው አፈር የዕፅዋት ቅሪት ተከማችቶ የፈጠረው ጥቁር፣ ረጥቦ የሚውል አፈር ነው። ሆኖም ወሳኝ ነገር አለ። ውሃው ትንሽም ቢሆን መንቀሳቀስ አለበት። የሚንቀሳቀስ ውሃ ኦክስጅን ይዞ ይመጣል፤ ቆሞ የከረመ ውሃ ግን ሥርን ያፍናል። ጥቁር አሽ ያማረበት ቦታ ሁሉ ውሃው ወይ ከምንጭ እየሰረገ ይመጣል፣ ወይ ወደ ጅረት እየተጎተተ ይሄዳል፣ ወይ ደግሞ በጋ ላይ ዝቅ ይላል።

ዛፉ ራሱም ውሃውን ያዛል። በጋውን ሙሉ እንደ ፓምፕ ውሃ ከመሬት እየሳበ በቅጠሉ ወደ አየር ይለቃል። ለዚህ ነው ረግረጉ በነሐሴ ሰው የሚራመድበት የሚሆነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ በጣም ያስፈልገናል።

አራቱ የውሃ ዳር አሾች ሲነጻጸሩ

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል እርጥብ ቦታ ላይ የሚበቅሉት ዋና ዋናዎቹ አሾች አራት ናቸው። ሰው ያደባልቃቸዋል። የሚኖሩበት ውሃ ግን ይለያያል።

በብዛት የሚሳሳቱት ጥቁር አሽና አረንጓዴ አሽ ላይ ነው። አረንጓዴ አሽ፣ ማለትም ፍራክሲነስ ፔንሲልቫኒካ፣ የወንዝ ዳር ዛፍ ነው። ጎርፍ መጥቶ ሲሄድ ይስማማዋል። ዓመቱን ሙሉ የረጠበ ጥቁር አፈር ላይ ግን ከጥቁር አሽ ጋር አይወዳደርም። በተቃራኒው ደረቅ ቦታና የከተማ ጎዳና ይችላል። የኤልም ዛፎች በበሽታ ካለቁ በኋላ በብዙ ከተሞች ጎዳና ዳር የተተከለው በዚህ ጽናቱ ነው። ዘሩም ቶሎ ይበቅላል፤ የጥቁር አሽ ዘር ግን ትዕግሥት ይፈትናል።

መለየቱ ከባድ አይደለም። የአሽ ቅጠል አንድ ዘንግ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ቅጠሎች ስብስብ ነው። በጥቁር አሽ ላይ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 11 ይሆናሉ፤ ከጫፉ በቀር ሁሉም ያለ አንገት ቀጥታ ዘንጉ ላይ ይቀመጣሉ። መጋጠሚያቸው ላይ ቡናማ ጸጉር አለ። የአረንጓዴ አሽ ትንንሽ ቅጠሎች አጭር አንገት አላቸው፤ ቁጥራቸውም ያንሳል። በክረምት ቅጠል በሌለበት ጊዜ ቅርፊቱን ዳብሱ። የጥቁር አሽ ቅርፊት እንደ ቡሽ ለስለስ ያለ ነው፤ በእጅ ሲፈተግ ይረግፋል። አረንጓዴ አሽ ደንደን ያለና የተቆላለፉ ሸንተረሮች ያሉበት ቅርፊት አለው።

ወደ ደቡብ ስንወርድ ፓምፕኪን አሽ ይመጣል፤ ፍራክሲነስ ፕሮፉንዳ። ይህ የጥልቅ ረግረግ ዛፍ ነው። በአትላንቲክና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ሜዳዎች፣ በሚሲሲፒ ሸለቆ፣ አልፎ አልፎም በኢንዲያናና በኦሃዮ ይገኛል። ውሃ ውስጥ ሲያድግ የግንዱ ታች ያብጣል። ክንፍ ያለው ዘሩ ከሌሎቹ አሾች ትልቅ ነው። ጎረቤቶቹ ራሰ በራ ሳይፕረስና ቱፔሎ ናቸው።

ካሮላይና አሽ ትንሽ ዛፍ ነው፤ ከ12 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ከቨርጂኒያ እስከ ፍሎሪዳና ቴክሳስ ባለው ዳርቻ፣ እንዲሁም በኩባ ይበቅላል። የዘሩ ክንፍ ሰፊ ነው፤ አንዳንዴም ሦስት ክንፍ ያወጣል። ሰሜን ላሉ ሰዎች አማራጭ አይደለም።

ነጭ አሽና ሰማያዊ አሽን ለረግረግ አታስቡ። ሁለቱም ውሃ የሚጠነፍፍ መሬት ይፈልጋሉ። ማውንቴን አሽ የሚባለው ደግሞ ስሙ አያታላችሁ። ወገኑ ከጽጌረዳ ቤተሰብ ነው፤ ከአሽ ጋር ዝምድና የለውም።

አንድ ምርጫ ላይ ግን ንጽጽሩ ወዲያው ያልቃል። ቅርጫት ለሚሠራ ሰው ከጥቁር አሽ ሌላ ዛፍ የለም። የአገሩ ነባር ሕዝቦች የሆኑት የዋባናኪ ሕዝቦች፣ የአክዌሳስኔ ሞሃኮችና የአኒሺናቤ ሰዎች ግንዱን በመዶሻ ወይም በመጥረቢያ ጀርባ እየቀጠቀጡ የዕድሜ ቀለበቶቹን ይለያያሉ። በፀደይ የሚያድገው እንጨት ትልልቅ ቀዳዳ ስላለው ሲመታ ይደቃል፤ የበጋው ጠንካራ ክፍል እንደ ረጅም ልጥ ሆኖ ይላቀቃል። ሌሎቹ አሾች እንዲህ በቀላሉ አይላቀቁም። ስለዚህ ዛፉ ቢጠፋ የሚጠፋው እንጨት ብቻ አይደለም። ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ሙያም መቆሚያ ያጣል። ይህን ሳስብ «ሌላ ዛፍ እንተካበት» የሚለው መልስ ጎደሎ ሆኖ ይሰማኛል።

ምርጫውን ያወሳሰበው ጥንዚዛ

በ2002 በዲትሮይት አካባቢ ኤመራልድ አሽ ቦረር የተባለ አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ ጥንዚዛ ተገኘ። በዚያው ዓመት በዲትሮይት ማዶ በዊንዘር፣ ኦንታሪዮም ታየ። የመጣው ከሰሜን ምሥራቅ እስያ ነው። ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጉዳት የሚያደርሰው ትል የሚመስለው እጩ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ገብቶ ምግብ የሚተላለፍበትን ሥጋ እየተጠማዘዘ ይበላል። ዛፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደርቃል። ሚኒሶታ የደረሰው በ2009 ነው።

አረንጓዴም ነጭም አሽ ይሞታል። ጥቁር አሽ ግን ከሁሉም በላይ ይጠቃል። በ2017 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ሰማያዊና ፓምፕኪን አሽን በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች መደባቸው። ካሮላይና አሽ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተመዘገበ። ይህ ማለት ከአሽ ወደ አሽ መቀየር መፍትሔ አይሆንም። ጥቁር አሽ ሞቶብኝ አረንጓዴ አሽ ተከልኩ የሚል ሰው ያንኑ ችግር እንደገና ተክሏል።

ጥንዚዛው መግባቱን ለማወቅ ከላይ ጀምሩ። ጫፉ ይደርቃል። ግንደ ቆርቁር እጩን ፍለጋ ቅርፊቱን ስለሚልጥ ግንዱ ገርጣ ገርጣ ይላል። የጥንዚዛው መውጫ ቀዳዳ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ቅርጹ በአንድ ወገን ቀጥ ያለ ግማሽ ክብ ነው። ሙሉ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ የሌላ ነፍሳት ሥራ ነው።

ቁረጥ፣ ተው፣ ወይስ አክም?

ብዙ ሰው «ከመሞቱ በፊት ቆርጬ ልሽጠው» ይላል። ሐሳቡ ይገባኛል። ደረቅ መሬት ላይ ሊያስኬድ ይችላል። ረግረግ ላይ ግን ከሁሉ የከፋው ምርጫ ይህ ይመስለኛል።

ምክንያቱ ያ ፓምፕ ነው። ዛፎቹ በአንዴ ሲነሱ ውሃውን የሚስብ ይጠፋል፤ የውሃው ከፍታ ይጨምራል። በሰሜን ሚኒሶታ በቺፔዋ ብሔራዊ ደን ተመራማሪዎች ይህን በሙከራ አይተውታል። ጥቁር አሹን አንዱ ቦታ ላይ በሙሉ ቆረጡት። ሌላው ጋ ጥንዚዛው እንደሚያደርገው ቆሞ እንዲደርቅ ቅርፊቱን ዙሪያውን ላጡት። ሌላው ቦታ ላይ ደግሞ ትንንሽ ክፍት ቦታዎችን ብቻ ከፈቱ። ሙሉ በሙሉ የተቆረጠበት ቦታ ውሃው ከፍ ብሎ ቆየ፤ ቄጠማና ሌላ የረግረግ ሣር ወረሰው። ችግኝ እዚያ መያዝ ከበደው። ጫካ የነበረው ፊላና ሣር የሞላበት ክፍት ረግረግ ወደ መሆን ይሄዳል ማለት ነው። አንዴ እዚያ ከደረሰ ወደ ጫካ መመለሱ እጅግ አድካሚ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ቀስ ማለት ነው። ጥንዚዛው ሳይደርስ ትንንሽ ክፍተት እየከፈታችሁ ሌላ ዛፍ አስገቡ፤ የቀረው አሽ ቆሞ ውሃውን ይሳብላችሁ። መቁረጥ ካለባችሁ መሬቱ በረዶ በሆነበት ክረምት ይሁን። በበጋ የገባ ከባድ ማሽን ለስላሳውን አፈር ያርሰዋል፣ የውሃውንም መንገድ ያበላሻል።

ሕክምናስ? ኤማሜክቲን ቤንዞኤት የተባለው መድኃኒት በግንዱ ውስጥ ሲወጋ ዛፉን ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ይጠብቀዋል። ለአንድ ደን ሙሉ አይሆንም፤ ገንዘቡም ጉልበቱም አይችለውም። ለጥቂት ጥሩ ዘር ሰጪ ዛፎች ወይም ለቅርጫት የተመረጡ ግንዶች ግን ይገባቸዋል። አፈር ላይ የሚፈስ መድኃኒት ውሃ ባለበት ቦታ በፍጹም አትጠቀሙ። ውሃው ውስጥ ገብቶ ሌላውን ነፍሳት ይገድላል።

ካናዳ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ሕጉን ቀድማችሁ እዩ። ኖቫ ስኮሺያ ዛፉን በ2013፣ ኦንታሪዮ በ2022 ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ዝርያዎች ዝርዝር አስገብተዋል። መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት የክፍለ ግዛታችሁን የተፈጥሮ ሀብት ቢሮ ጠይቁ።

ተተኪዎቹ፣ እንደ ውሃው ጠባይ

በፀደይ ተጥለቅልቆ በበጋ የሚጠነፍፍ ቦታ ካላችሁ ምርጫዬ የረግረግ ነጭ ኦክ ነው። በቺፔዋው ሙከራ ከተተከሉት መካከል በሕይወት በመቆየት ጥሩ ውጤት ካሳዩት አንዱ ነው። የተፈጥሮ ክልሉ ከዚያ ወደ ደቡብ ነው፤ በሚኒሶታ ደቡብ ምሥራቁ ጫፍ ላይ ብቻ ይገኛል። ወደ ሰሜን መውሰዱን የሚቃወሙ አሉ። እኔ ግን አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ምክንያታዊ እርምጃ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ክልሉ ሩቅ አይደለም፣ ብርዱንም ችሏል። ፍሬው ለወፍና ለአውሬ ምግብ ነው። ጉድለቱ አጋዘን ይወደዋል፤ ያለ አጥር አይነሳም።

የአሜሪካ ኤልምም እዚህ ይገባል። ድሮም የጥቁር አሽ ጎረቤት ነበር። የደች ኤልም በሽታ ስላለ ግን ከጫካ የተለቀመ ማንኛውንም ችግኝ አትትከሉ። በሽታውን የሚቋቋሙ እንደ ቫሊ ፎርጅና ፕሪንስተን ያሉ ዘሮችን ፈልጉ። ቦታው ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይሆን ከሌላ ጋር ቀላቅሏቸው።

ውሃው ከምንጭ የሚመጣና ማዕድን ያለው ሆኖ ቀስ ብሎ የሚፈስ ከሆነ የሰሜን ነጭ ሴዳርን አስቡ። ረጅም ዕድሜ አለው፤ እንጨቱ በቀላሉ አይበሰብስም። ችግሩ ዕድገቱ ቀርፋፋ ነው፤ አጋዘን ደግሞ በክረምት እየጨረገደ ይበላዋል። አጥር ለማጠር ካልወሰናችሁ ልፋታችሁ መና ይቀራል።

አፈሩ አሲዳማ፣ ቦታው ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃውም ብዙ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ታማራክ ይሻላል። ጥላ ፈጽሞ አይወድም። ከአሽ ሥር አትትከሉት፤ ክፍት ቦታ ስጡት። ከዚህም የባሰ እርጥበትና አሲድ ካለ ጥቁር ስፕሩስ አለ።

ወንዝ ዳር፣ ደለል የሚመጣበት መሬት ላይ የብር ሜፕልና ሃክቤሪ ጥሩ ናቸው። ሃክቤሪ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚረጥብ ቦታ አይችልም። ባልሳም ፖፕላር ቶሎ ያድጋል፤ ፓምፑን ፈጥኖ የሚተካ ነገር ለሚፈልግ ሰው ጊዜያዊ መፍትሔ ነው።

ቀይ ሜፕልን መትከል ብዙም አያስፈልግም፤ ራሱ ይመጣል። ዘሩ ብዙ ነው፣ በየትኛውም አፈር ይበቅላል። አንዳንዱ ባለሙያ ይበቃል ብሎ ይተወዋል። እኔ ግን ረግረጉ ሁሉ ቀይ ሜፕል ብቻ ሲሆን ማየት አልፈልግም። የአሽ ቅጠል ቶሎ ይበሰብሳል፣ ለውሃው ነፍሳትም ጥሩ ምግብ ነው፤ የሜፕሉ ቅጠል ያን ያህል አይመግብም።

የማንቹሪያ አሽ ጉዳይስ? ከጥንዚዛው ጋር በአንድ አገር ያደገ የጥቁር አሽ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ ይቋቋመዋል። ረግረግም ይወዳል፣ በሙከራውም በሕይወት ቆይቷል። ለግቢ ወይም ለመናፈሻ እቀበለዋለሁ። ወደ ዱር ረግረግ ማስገባቱን ግን አልደግፍም። ከጥቁር አሽ ጋር መዳቀል የሚችል የውጭ ዝርያ ነው፤ አንዴ ከተለቀቀ መመለሻ የለውም።

አተካከሉ ላይ

ረግረግ ሜዳ ይመስላል እንጂ ሜዳ አይደለም። ጉብ ያሉ ቦታዎች አሉት፤ በወደቀ ግንድና በአሮጌ ጉቶ ዙሪያ አፈሩ ከፍ ይላል። ችግኙን እዚያ ላይ አስቀምጡ። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ብቻ በሕይወት በመቆየትና በመታፈን መካከል ልዩነት ያመጣል። ጉብታ ከሌለ አፈር ከምራችሁ ሥሩት። ከትንሽ ችግኝ ይልቅ ቁመቱ ከሣሩ የሚያልፍ ትልቅ ችግኝ ይሻላል። ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ዛፍ ቀላቅሉ፤ አንዱ ቢከሽፍ ሌላው ይይዛል።

ከትልቅ ችግኝ ጋር ከአጋዘን የሚከላከል አጥር ወይም መከላከያ ቱቦ አብሮ ይገዛ። በጀታችሁ ለሁለቱም ካልበቃ የችግኙን ቁጥር ቀንሱ እንጂ አጥሩን አትቀንሱ።

ጥቁር አሽን ጨርሶ አትተዉት

ተተኪ ስትተክሉ የራሱን የጥቁር አሽን ዘርም ሰብስቡ። ዛፉ በየዓመቱ ብዙ አያፈራም፤ በርካታ ዓመት እየዘለለ ነው ሞልቶ የሚያፈራው። ያ ዓመት ሲመጣ አታሳልፉት። ዘሩ በመከር ይለቀማል። በውስጡ ያለው ፅንስ ገና ስላልበሰለ መጀመሪያ ለወራት ሞቅ ያለ እርጥበት፣ ቀጥሎ ለወራት ቀዝቃዛ እርጥበት ይፈልጋል። ከተዘራ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሁለተኛው ፀደይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስላልበቀለ ዘሩ ሞቷል ብላችሁ አትጣሉት። አፈር ውስጥ እስከ 8 ዓመት በሕይወት መቆየት ይችላል።

ጥንዚዛው አልፎ ሌሎቹ ሁሉ ደርቀው እንኳ ለምልሞ የቀረ ዛፍ ካያችሁ አትቁረጡት። እንዲህ ዓይነቱ ዛፍ የመቋቋም ዘር ሊኖረው ይችላል። የአሜሪካ የደን አገልግሎት በዴላዌር፣ ኦሃዮ ባለው ጣቢያው እነዚህን የተረፉ አሾች እያዳቀለ የሚቋቋም ዘር ለማውጣት ይሠራል። ቦታውን ምልክት አድርጉ፤ ፎቶ አንሱ፤ ለአካባቢያችሁ የደን ባለሙያ ንገሩ። የዛፉ ግንድ ውፍረትና በዙሪያው ስንት አሽ እንደሞተ አብራችሁ ጻፉ። ባለሙያዎቹ ቀድመው የሚጠይቋችሁ እነዚህን ነው።